ነፋስ ያልነበረበት ጠዋት

የዚያን ዕለት ጠዋት እዚያ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልጥራ። ታላቅ ወንድሜ በየነ፣ ባለ ጫቱ። ሚስቱ አልማዝ። ጎረቤታቸው ጋሽ ሮባ፣ ባለ ንቡ። ልጄ ቢኒያም፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር የነበረው። ትንሿ ልጄ ሜሮን። እና እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም። ሁላችንንም በስም የምጠራው ከመካከላችን ክፉ ያሰበ አንድም ሰው እንዳልነበረ ከመጀመሪያው እንድታውቁልኝ ነው። እኔ ራሴ ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ዲላ ከተማ ልብስ አጥቤና ተኩሼ የምኖር ሴት ነኝ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም። ባለቤቴ የሞተው ሜሮን ጡት ሳትጥል ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርሃት አብሮኝ ይኖራል። ልጆቼ ከደጅ ሲዘገዩ መንገድ ዳር ወጥቼ እቆማለሁ። ዝናብ ሲያጉረመርም ስለ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ብርድ ሲመጣ ስለ ሜሮን ደረት አስባለሁ። ሜሮን አስም ነበረባት። የሚነፋውን መድኃኒቷን በነጠላዬ ጫፍ ሳልቋጥር ሱቅ እንኳ አልሄድም ነበር። ጎረቤቶቼ «አንቺ ሴትዮ ጥላሽንም ትፈሪያለሽ» እያሉ ይስቁብኛል።

ቢኒያም ያጠና የነበረውን ነገር በደንብ ላስረዳችሁ አልችልም። የገባኝን ያህል ግን መንገር አለብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ አስተማሪ ሸሚዝ ስተኩስ ውሃ በአፌ ይዤ ልብሱ ላይ ፍፍ አልኩ። ቢኒያም አልጋው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ነበር።

«እማ፣ ቆይ! እስኪ ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ውሃውን አበራው።

«አየሽ? ትልልቁ ጠብታ ወዲያው ሸሚዙ ላይ አረፈ። ደቃቁን ተመልከቺው፣ እስካሁን ይንሳፈፋል። ትልቁን ክብደቱ ያወርደዋል። ትንሹን ግን አየሩ ይዞ አይለቀውም፤ አየሩ በሄደበት ይሄዳል። እኔ ኮምፒውተር ላይ የማሰላው ይህንኑ ነው። አየሩ ጠብታውን ምን ያህል ይይዘዋል፣ የትስ ያደርሰዋል የሚለውን።»

«ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለእኔ ትፍታ ነው?» አልኩት።

«ለአንቺ ትፍታ ነው» ብሎ ሳቀ። ሜሮንም ከጓዳ ሮጣ መጥታ ውሃ በአፏ ሞልታ ፊቱ ላይ ረጨችበት። «ይኸኛው ትልቅ ጠብታ ነው ትንሽ?» አለችው። ያን ቀን ብዙ ሳቅን።

ወንድሜ በየነ ከወናጎ አልፎ ዳገት ላይ ይኖራል። የላይኛው ማሳው ጫት ነው፤ መካከሉ ላይ ቤቱ፣ ቡናውና እንሰቱ ነው፤ ከታች ጎድጎድ ባለው ፈፋ ውስጥ ምንጭ አለ። ከጫቱ ከፍ ብሎ ደግሞ የጋሽ ሮባ ቀፎዎች ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ባለፈው ዓመት በየነ ጫቱን ጸረ ተባይ በረጨ ማግስት የጋሽ ሮባ ንቦች ከዛፉ ሥር እንደ ቆሎ ተበትነው ተገኙ። በአንድ የመዘምራን ቡድን የሚዘምሩ ሁለት ጎረቤቶች ሰላምታ አቆሙ። ነገሩም ሶንጎ ደረሰ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚጨርሱበት ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ሰምተው እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ በየነ ንቡ ከቀፎ ሳይወጣ ይርጭ፣ ፀሐይ ቀፎውን ሳይነካ ይጨርስ፣ ነፋስ ካለ ጨርሶ አይርጭ።

በየነ ፍርዱን ተቀበለ። ይበልጥ ሰው እንዲያምነውም «የእህቴ ልጅ ጠብታ የት እንደሚደርስ የሚያሰላ ነው፣ እሱ ይየው» አለ። ቢኒያምን አስጠሩት። የልጄን ደስታ ባያችሁ! ትምህርቱ ለገዛ ዘመዱ ሲጠቅም ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። ቢኒያም አጎቱ በጀርባው በሚያዝለው፣ በእጅ በሚገፋው መርጫ ውስጥ ቀይ ቀለም ያለው ውሃ ሞላ። በማሳው ዳርና በቀፎዎቹ ሥር ነጭ ወረቀት ዘረጋ። ንጋት ላይ፣ ነፋስ ሳይኖር አጎቱን አስረጨው። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ከማሳው ዳር ያሉት ጥቂት ቀይ ነጥብ ነበረባቸው፤ ቀፎው ሥር ያሉት ንጹሕ ነበሩ። ኮምፒውተሩም ያለው ይህንኑ ነበር። አንድ ሽማግሌ የቢኒያምን ራስ ይዞ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀው። ጋሽ ሮባና በየነ ተቃቀፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ልጄን «ዶክተር ጠብታ» ይለው ጀመር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ።

ቅዳሜ ነበር። አልማዝ እንሰት ልትፍቅ አስባ «ነይ አግዢኝ» ብላኝ ስለነበር ከዋዜማው ሁለቱንም ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። በየነ ጫቱን የሚረጭበትም ቀን ያው ቅዳሜ ሆነ። ማታ እራት ላይ ጠየቅኩ፤ እኔ ሳልጠይቅ የማድር ሰው አይደለሁም።

«ቢኒ፣ መርዙ ወደዚህ ወደ ቤቱ አይመጣም? የእህትህን ደረት ታውቃለህ።»

«እማ፣ ነፋስ ከሌለ የት ይሄዳል? እዚያው አጎቴ እግር ሥር ይወድቃል። ነፋስ ካለ ደግሞ አይረጭም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወረቀቱን አላየሽም እንዴ!»

በየነ ከወዲያ «ተዪው እንጂ፣ ዶክተር ጠብታን አታስጨንቂው» አለኝ። እንደገናም «ነገ ንቡ እንቅልፉን ሳይጨርስ እኔ ሥራዬን ጨርሼ ታያላችሁ» ብሎ ለብቻው ሳቀ። ለምን እንደሳቀ አላወቅንም።

ንጋት ላይ ቢኒያም ወደ ማሳው ወጣ። ቁራጭ ጨርቅ በእንጨት ጫፍ አስሮ ተከለ። ጨርቁ አልተነቃነቀም። ጋሽ ሮባም ካቦርታውን ደርቦ ከቀፎው ሥር ቆሞ ነበር። «ንቦቼ ተኝተዋል፤ ጀምሩ» አለ። ቢኒያም አጎቱን «ይቻላል» ብሎት ቁርስ ሊበላ ወደ ቤት ወረደ። ሜሮን ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጩ ስትወርድ በደጁ ተላለፉ። ጠጉሯን በታተነባት። «ተወኝ እንጂ፣ እማ አሁን ነው ያበጠረችኝ» አለችው። ይህን ሰምቻለሁ።

እኔና አልማዝ ከቤቱ ጎን እንሰቱን እየፋቅን ነበር። አየሩ ጸጥ ብሏል። የእንሰቱ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ብርዱ ከላይ ወደ ታች በእግሮቻችን ሥር ሲያልፍ ይሰማኝ ነበርና ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ያን ጊዜ ከላይ ከጫቱ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ሞተር ሳይክል መሰለኝ። አልማዝም «በዚህ ሰዓት ማን ነው ደግሞ?» አለች።

ቢኒያም ዳቦውን እንደያዘ ከቤት ወጣ። ቆሞ አዳመጠ።

«ይህ ሞተር ምንድነው?»

«እንግዳ መጥቶ ይሆናል» አልኩት።

«አይደለም። አንድ ቦታ ነው ያለው... እየረጨ ነው! አጎቴ በሞተር እየረጨ ነው!»

ዳቦውን ጥሎ ወደ ላይ ሮጠ። «አቁም! አጎቴ፣ አቁም!» ሲል ይሰማኛል፤ ሞተሩ ግን ድምፁን ይውጠዋል። እኔ ምኑም አልገባኝም። ምን ችግር አለው፣ በእጅም ይሁን በሞተር ያው መርጨት ነው ብዬ አሰብኩ። ሞተሩ ጠፋ። ጸጥ አለ። ከዚያ የልጄን ድምፅ ሰማሁ።

«እማ! ሜሪ የት ናት? ሜሪን አውጫት! ከፈፋው አውጫት!»

ወደ ታች ስመለከት ፈፋው ውስጥ ስስ ጉም ተኝቶ አየሁ። ያማረ ጉም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ጉም እዚያ ይተኛል። ከእርሱ ጋር ግን የተደባለቀ ነገር ነበር፤ አፍንጫዬን ቆጠቆጠኝ። የወረድኩት በእግሬ ይሁን በመቀመጫዬ አላውቅም። ሜሮን ምንጩ ዳር ቁጢጥ ብላለች። ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈስሳል። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ጉሙ ይሸታል» አለችኝ። ከዚያ ማሳል ጀመረች።

አቅፌያት ወጣሁ። መድኃኒቷን ከነጠላዬ ፈትቼ አፏ ውስጥ ነፋሁላት። ደጋግሜ ነፋሁላት። እንደ ወትሮው ደረቷ አልለቀቀም። አፏ በምራቅ ተሞላ፣ ዓይኗ አነባ፣ ስትተነፍስ የሚያፏጨው ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ቢኒያም ደርሶ ከእጄ ነጠቀኝ። ልብሷን አውልቆ በጋቢ ጠቀለላት። በየነም ከኋላው ደረሰ። ያ ሞተር ያለው መርጫ ገና በጀርባው ነበር።

«ምን ሆነች? ምን አደረግኩ?» ይላል ወንድሜ።

«ይህን ከየት አመጣኸው? ማን በዚህ ርጭ አለህ?» አለው ቢኒያም።

«ከወናጎ ተከራየሁት፤ ጫቱ ውስጥ ደብቄው አደረ። ቶሎ እንድጨርስ ነው እኮ! ንቡ ሳይወጣ ልጨርስ ብዬ... ቃሌን ልጠብቅ ብዬ... አንተንም ላስደንቅህ ብዬ...»

ቢኒያም ሜሮንን ይዞ ወደ አስፋልቱ ሮጠ፤ እኔም ከኋላው። ባጃጅ አገኘን። ወናጎ ኦክስጅን አደረጉላትና በአምቡላንስ ወደ ዲላ ላኩን። በመንገድ ላይ ቢኒያም እግሯን ይዞ አንድ ነገር ብቻ ያጉተመትም ነበር።

«ደቃቅ ነው... ያደቅቀዋል...»

«ምን እያልክ ነው ልጄ?»

«በእጅ የሚረጨው ጠብታ ትልቅ ነው እማ። እኔ ያሰላሁት እሱን ነው፤ ይወድቃል። ሞተሩ ግን እንደ ጢስ ያደቅቀዋል። አይወድቅም።»

«ነፋስ አልነበረም እኮ። አንተ ራስህ ነፋስ ከሌለ ብለኸኝ...»

«ነፋስ ቢኖርማ ይበትነው ነበር! ነፋስ ስለሌለ ነው አንድ ላይ የሄደው። ጠዋት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ደቃቁን ይዞት ወረደ። ፈፋው ውስጥ ተኛ።»

እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነበር።  እግሬ ሥር ያለፈው ብርድ ትዝ አለኝ።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። መርዙን የሚያረክስ መርፌ ወጓት፣ ቱቦ አስገቡላት። አንዲት ነርስ «እናት፣ ጸልዪ» አለችኝ። ጸለይኩ። ቢኒያም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቀትር ሳይሆን ከሐኪሞቹ አንዱ ወጣና መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ሲያወልቅ አወቅኩ።

ያን ቀን ጋሽ ሮባ ወደ ሆስፒታል መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ቢኒያም ቀና ብሎ የጠየቀው የመጀመሪያ ነገር «ንቦቹስ?» የሚል ነበር።

ጋሽ ሮባ አንገቱን ደፋ። «ንቦቹ ደህና ናቸው ልጄ» አለው። «አንዱም አልሞተም።»

ከቀብሩ በኋላ ሶንጎው እንደገና ተቀመጠ። ያ የመረቀው ሽማግሌ «በዚህ ነገር የማንም ክፉ እጅ የለበትም፤ የተደረገው ሁሉ ለጎረቤት ተብሎ ነው» አለ። በየነ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ጫቱን በሙሉ ነቅሎታል። ቢኒያምን «አንተም ተናገር» አሉት። ተነሥቶ ቆመ። «የጠብታውን መጠን ጠይቄ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ቁልቁለቱንም መቁጠር ነበረብኝ። ወረቀት የዘረጋሁት ለንቡ ብቻ ነው፤ ለእህቴ አልዘረጋሁም» ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ሮባ አቅፎት «ልጄ፣ ለእኔ ስትል ነው እኮ» አለው። ቢኒያም በእቅፉ ውስጥ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ።

ዲላ ከተመለስን በኋላ ልጄ ከኮምፒውተሩ አልተለየም። አይበላም አልልም፤ ያቀረብኩለትን ይበላል። ግን አያወራም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራኝ።

«እማ፣ ነይ እዪ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የዳገቱ ሥዕል ነበር። ከላይ ጫቱ፣ መካከል ላይ ቤቱ፣ ከታች ፈፋው። ጥቃቅን ነጥቦች ከላይ ተነሥተው እንደ ጉንዳን መንገድ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ወደ ቀፎዎቹ የሄደ የለም። በቤቱ ጎን፣ እኔና አልማዝ እንሰት ስንፍቅ በነበርንበት በእግራችን ሥር አለፉ። ፈፋው ውስጥ ገብተው ቆሙ። ተጠራቀሙ።

«አሁን ልክ ነው» አለኝ። ድምፁ ደረቅ ነበር። «የጠብታውን መጠን አሳነስኩት፣ ቁልቁለቱን ጨመርኩበት። አሁን በትክክል ምንጩ ላይ ይደርሳል። ማሳል ማቆም የማይችል ሰው እዚያ ቢኖር...»

«አጥፋው።»

«እማ፣ የአስም መድኃኒቷም የሚሠራው እንዲህ ነው። ጠብታው ደቃቅ ካልሆነ ሳንባ አይደርስም። መድኃኒቱም መርዙም የሚገቡት በአንድ መንገድ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሁሉንም ለየብቻ አውቀው ነበር።»

«ቢኒ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አጥፋው።»

አጠፋው። እጄን ሳመኝ። በማግስቱ ልብስ ላደርስ ወጥቼ ስመለስ አልነበረም። ኮምፒውተሩም ስልኩም አልጋው ላይ ነበሩ። የወሰደው ቡናማ ጃኬቱንና የሜሮንን የጠጉር ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው መስኮቱ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ አሁን የለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ምን እንደምትማሩ እኔ አላውቅም። በቤተ ክርስቲያን «ለበጎ ነው እህቴ» የሚሉኝ አሉ። ፍቅራቸውን አውቃለሁ፤ ቃሉን ግን እኔ በአፌ ልለው አልቻልኩም። «መማር ይቅር» የሚሉም አሉ፤ እሱንም አልልም። ልጄ ባይማር ኖሮ ወንድሜ በሞተር አይረጭም ነበር ማለት አልችልም፤ ደግሞ ይረጭ ነበር ማለትም አልችልም። ሳስበው ውዬ ሳስበው አመሻለሁ፤ የትም አልደርስም።

እኔ የምችለው የተለወጠብኝን መናገር ነው። ድሮ ነፋስ ሲነሣ ነበር የምፈራው። አሁን ጸጥ ያለ ጠዋት ያስፈራኛል። ቅጠል ሳይነቃነቅ ሲነጋ ከቤት አልወጣም። ጉም ሳይ በሩን እዘጋለሁ። ልብስ ስተኩስም ውሃ በአፌ መርጨት ትቻለሁ፤ በእጄ ጣል ጣል አደርገዋለሁ፣ እንደ ድሮው አይሳካም፣ ደንበኞቼ ይታዘቡኛል። ድሮ «እርግጠኛ ነህ?» ብዬ ጠይቄ «አዎ» ሲሉኝ ልቤ ያርፍ ነበር። አሁን የሚያሳርፈኝ ቃል የለም። ጥንቃቄ ልጅን ያድናል ብዬ ኖሬ ነበር፤ ያን ጠዋት ሁላችንም ተጠንቅቀን ነበር።

ወንድሜ ባለፈው ወር መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ። «ዶክተር ጠብታ አልደወለም?» ሊል ጀምሮ አፉን ያዘ።  እሱ ሐዋሳ ድረስ ሄዶ ፈልጎታል። ጋሽ ሮባም ቡሌ ሆራ ያሉ ዘመዶቹን አስጠይቋል። አንድ ሹፌር ሻሸመኔ መናኸሪያ አየሁት ብሎን ሄድን፤ ሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለአንድ ነገር ነው። ቢኒያም ረዘም ያለ፣ ቀጭን ልጅ ነው። ሲያስብ የግራ ጆሮውን ይነካል። ሰው ሲያነጋግረው ቶሎ አይመልስም፤ ሲመልስ ግን ዝግ ብሎ፣ ዓይን ዓይን እያየ ነው። ቡናማ ጃኬት ለብሶ ነው የወጣው። በእጁ ወይም በኪሱ ቢጫ የልጅ ጠጉር ማሰሪያ ካያችሁ እሱ ነው። እንዲመለስ አታስገድዱት። እናትህ አልተቀየመችህም በሉት። ባይሰማችሁም ግድ የለም። እኔን ግን፣ ዲላ ልብስ ተኳሿን የሜሮንን እናት ብላችሁ ጠይቁና፣ በሕይወት መኖሩን ብቻ ንገሩኝ።